ይህ ፎቶ ከዚህ በፊት የት ነበር?

ስልኬ ላይ አንጀት የሚበላ ወይም የሚያስደነግጥ ፎቶ ሲመጣ "እውነት ነው ወይስ ውሸት?" ብዬ አልጀምርም። ይሄ ጥያቄ ከባድ ነው፤ ብዙ ጊዜም በአንድ ጊዜ አይመለስም። እኔ የምጠይቀው ቀለል ያለውን ነው። ይህ ፎቶ ከዚህ በፊት የት ነበር?

ፎቶን በፎቶ መፈለግ የሚመልሰው ይሄንኑ ነው። ቃል በመጻፍ ፈንታ ምስሉን ራሱን ለመፈለጊያው ትሰጡታላችሁ። እሱ ደግሞ ያንኑ ምስል ወይም የሚመስለውን ያየባቸውን ገጾች ይደረድርላችኋል። "ሪቨርስ ኢሜጅ ሰርች" ሲባል የሰማችሁት ይሄ ነው። ጋዜጠኛ ወይም የኮምፒውተር ሰው መሆን አያስፈልግም። ፎቶውን የምናየው ስልክ ላይ ነው፣ ሼር የምናደርገውም ስልክ ላይ ነው፤ የምንፈትሸውም እዚያው ቢሆን ደስ ይላል። ችግሩ፣ መሣሪያው ስልክ ላይ ሲደርስ ጠባዩን ቀይሯል። እሱን ነው ዛሬ ማውራት የፈለግኩት።

(ዓመቶቹን ሁሉ እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር ነው የምጽፋቸው።)

በቤተሰብ ግሩፓችን ውስጥ ፎርዋርድ በማድረግ አክስቴን የሚስተካከል የለም። በቅርቡ ሁለት ሕፃናት የሚታዩበት ፎቶ ላኩ። ታናሽየዋ ታለቅሳለች። ታላቅየው፣ እሱም ገና ሕፃን ነው፣ እቅፍ አድርጎ ይዟታል። ከሥሩ "በመሬት መንቀጥቀጡ ወላጆቻቸውን ያጡ እህትና ወንድም" ይላል። የሚያለቅሱ ኢሞጂዎች ተደርድረዋል።

ፈለግኩት። ገና ከመፈለጌ የቆዩ ገጾች ተግተልትለው መጡ። ፎቶውን ያነሳው ና ሶን ንጉየን የሚባል ቬትናማዊ ፎቶግራፈር ነው። ጊዜው 2007፣ ቦታው ሰሜን ቬትናም ውስጥ ሃ ዣንግ የሚባል አካባቢ። ወላጆቻቸው እርሻ ውለው ልጆቹ ደጃፋቸው ላይ ይጫወቱ ነበር። ትንሿ ልጅ እንግዳ ሰው ስታይ ደነገጠች መሰል አለቀሰች፤ ወንድሟ አቀፋት። በቃ፣ ነገሩ ይኸው ነው። ኤፕሪል 2015 ላይ ኔፓል በመሬት መንቀጥቀጥ ስትመታ ግን ፎቶው "የኔፓል ወላጅ አልባ ሕፃናት" ተብሎ ዓለምን ዞረ። ከዚያ በፊትም የበርማ፣ የሶሪያም ልጆች ተደርገው ነበር። ፎቶግራፈሩ "ኧረ የኔ ነው፣ ቬትናም ያነሳሁት ነው" ብሎ ቢሞክርም ብዙም አልተሳካለትም።

ልብ በሉ፣ ይሄ ፎቶ ውሸት አይደለም። ማንም አልነካካውም። ውሸቱ ከሥሩ የተጻፈው ነው። እኔ እስካየሁት ድረስ አብዛኛው የሚያሳስት ፎቶ እንደዚህ ነው፤ ትክክለኛ ምስል ያለ ቦታውና ያለ ጊዜው የተወሰደ። ለዚህ ዓይነቱ ደግሞ ፍለጋው ፍቱን ነው። "ትናንት ተነሳ" የተባለ ፎቶ ከሦስት ዓመት በፊት በወጣ አንድ ገጽ ላይ ከተገኘ ክርክሩ አለቀ። ሌላ ማስረጃ መጨመር አያስፈልግም።

ለአክስቴ በግሩፑ ላይ አልመለስኩም። በሰው ፊት ማረም ነገር ማክረር ነው። በግል ጻፍኩላቸው።

"እትዬ፣ ይሄ ፎቶ የቆየ ነው። እዚህ ገጽ ላይ ይመልከቱት፣ በ2007 ቬትናም የተነሳ ነው ይላል።"

ትንሽ ቆይተው በድምፅ መለሱልኝ። "ታዲያ ልጆቹ ደህና ናቸው ማለት ነው?"

ይሄን አልጠበቅኩም ነበር። እኔ የጠበቅኩት "አንቺ ደግሞ ሁሉን ነገር ትጠራጠሪያለሽ" የሚለውን ነው። እሳቸው ግን የሰሙት "ተታለዋል" የሚለውን ሳይሆን "ወላጆቻቸው አልሞቱም" የሚለውን ነው። ከዚያ ወዲህ "ውሸት ነው" ብዬ ለማንም አልጽፍም። የቆየውን ገጽ ሊንክና ዓመቱን ብቻ እልካለሁ።

ወደ መሣሪያው ልመለስ። ታሪኩን ማወቅ ዛሬ ስልካችን ለምን እንዲህ እንደሚያደርገን ያስረዳል።

ጎግል የምስል መፈለጊያ የከፈተው በ2001 ነው። ሰበቡ ቀሚስ ነው ብላችሁ ታምናላችሁ? ጄኒፈር ሎፔዝ በ2000 የግራሚ ሽልማት ላይ የለበሰችው ያ አረንጓዴ የቬርሳቼ ቀሚስ። ሰዉ ሁሉ ቀሚሱን ሊያይ ይፈልጋል፣ ጎግል ግን የሚመልሰው የጽሑፍ ሊንክ ነበር። የድርጅቱ ኃላፊ የነበረው ኤሪክ ሽሚት ራሱ ነው ይሄን በኋላ የጻፈው። ያም ሆኖ ያኔ የሚፈለገው በቃል ነው። ምስል ሰጥቶ ምስል መፈለግ የመጣው በ2008፣ ቶሮንቶ ውስጥ ያለ ድርጅት ቲንአይ የሚባለውን መፈለጊያ ሲከፍት ነው። ጎግል በጁን 2011 ተከተለው።

ቲንአይ ፎቶው ውስጥ ሰው ይኑር ዛፍ ግድ የለውም። የምስሉን የብርሃንና የጥላ አቀማመጥ ወደ ቁጥሮች ይለውጥና እንደ ጣት አሻራ ያስቀምጠዋል። ከዚያ ያው አሻራ ያለባቸውን ምስሎች ከመዝገቡ ያወጣል። የፎቶው መጠን ቢቀንስ፣ ቀለሙ ትንሽ ቢለወጥ፣ ጠርዙ ቢቆረጥ እንኳ ብዙ ጊዜ ያገኘዋል። ተመሳሳይ ፎቶ ግን አያመጣም። ወይ ያንኑ ፎቶ፣ ወይ ምንም። ጥያቄው "ከየት መጣህ?" ነው።

ስልክ ላይ የተወለደው ዘር ደግሞ ሌላ ነው። ጎግል በዲሴምበር 2009 ለአንድሮይድ ስልኮች ጎግልስ የሚባል አፕ አወጣ። ካሜራውን አንድ ሐውልት ላይ፣ የመጽሐፍ ሽፋን ላይ፣ የድርጅት አርማ ላይ ስትደግኑ ምን እንደሆነ ይነግራችኋል። ጥያቄው "ምንድን ነህ?" ነበር። ያ አፕ በ2018 ተዘጋ። ከእሱ በፊት፣ በ2017፣ ተተኪው ጎግል ሌንስ መጥቶ ነበር። ሌንስም ያንኑ ይጠይቃል፤ ይሄ ምን ዓይነት አበባ ነው? ይሄ ወንበር የት ይሸጣል? ይሄ ጽሑፍ ምን ይላል? የሚሠራውም በሌላ መንገድ ነው። ምስሉን በማሽን ትምህርት አንብቦ "ይሄ ወንበር ነው፣ የእንጨት ነው፣ እግሩ ቀጭን ነው" የሚያሰኘውን ነገር ይይዝና የሚቀራረበውን ይሰበስባል። ያንኑ ፎቶ ማግኘት ከሥራዎቹ አንዱ እንጂ ዋናው አይደለም።

ታዲያ በ2022 ምን ሆነ? ኮምፒውተር ላይ የነበረውን የድሮውን የጎግል የምስል ፍለጋ ሌንስ ተካው። የስልኩ ጥያቄ የኮምፒውተሩን ጥያቄ ዋጠው ማለት ነው። ገበያ ወጥቶ ጫማ ለሚያማርጥ ሰው ይሄ መልካም ነው። የፎቶ ታሪክ ለሚፈልግ ግን መንገዱ ረዘመ። የድሮውን ጥያቄ መሣሪያው በራሱ አይጠይቅላችሁም፤ እናንተ ናችሁ የምታስጠይቁት።

እስቲ አንዱን ጠጋ ብለን እንየው። አንድ ጊዜ በጎርፍ የተጥለቀለቀ መንገድ ፎቶ ደረሰኝ። ከፊት ቢጫ የዝናብ ጃኬት የለበሰ ሰው ቆሟል። ከኋላው ውሃ እስከ መስኮቱ የዋጠው አውቶቡስ፣ ከአውቶቡሱ አጠገብ ደግሞ ክብ በረንዳ ያለው ሕንፃ አለ። ለስልኬ መፈለጊያ ሰጠሁት። የትኛውን የፎቶ ክፍል እንደሚፈልግ የሚያሳየው ነጭ ሳጥን ወዲያው ሄዶ ጃኬቱ ላይ አረፈ። ከሥር ቢጫ ጃኬቶች ተሰለፉ፤ ኮፍያ ያለው፣ ኮፍያ የሌለው፣ የልጆች። ሰው ጎርፍ ውስጥ ቆሞ እሱ ሊያለብሰኝ ተነሳ!

የሳጥኑን ማዕዘኖች እየጎተትኩ ሙሉውን ፎቶ እንዲሸፍን አደረግኩት። አሁን ጎርፎች መጡ፤ ግን የሌላ ከተማ፣ የሌላ ዓመት። ከዚያ ሰውየውን ተውኩትና አውቶቡሱና ክብ በረንዳው ብቻ እንዲቀሩ አጠበብኩት። ያኔ አገኘሁት። አንድ የቆየ የዜና ገጽ ላይ ያው አውቶቡስ፣ ያው በረንዳ፤ ባለጃኬቱ ግን የለም። ሌላ ሰው ከሌላ ጎን ያነሳው ፎቶ ነው። እንዲህ ያለው ግኝት ያንኑ ፎቶ ከማግኘት ይበልጥብኛል። ሁለት ሰው ከሁለት ቦታ ቆሞ ያነሳው ነገር በእርግጥ ሆኗል፤ መቼና የት እንደሆነም ገጹ ይነግራችኋል።

ስለዚህ መጀመሪያ መማር ያለበት ሳጥኑን መጎተት ነው እላለሁ። ሰው፣ መኪና፣ ልብስ መሣሪያውን ይስቡታል። እናንተ የማይንቀሳቀሰውን ያዙ። ሕንፃ፣ ተራራ፣ የሱቅ ማስታወቂያ፣ የመንገድ ምልክት። ሌንስ ውጤቱን ካሳያችሁ በኋላ ልክ ያንኑ ምስል የያዙ ገጾችን ለብቻ የሚያሳይ ክፍል አለው፤ እሱን ንኩት። ብዙ ሰው እዚያ ሳይደርስ በጃኬቶቹ ተስፋ ቆርጦ ይወጣል።

እንዴት ይከፈታል የሚለው ቀላል ስለሆነ ቶሎ ልለፈው። የጎግል አፕ ካላችሁ፣ አንድሮይድም ሆነ አይፎን፣ መጻፊያው አጠገብ ያለችውን የካሜራ ምልክት ነክታችሁ ከጋለሪ ፎቶውን መምረጥ ነው። ክሮም ላይ ያለ ፎቶ ከሆነ ምስሉን ጫን አድርጋችሁ ስትይዙ ምርጫው ይመጣል። ከጃንዋሪ 2024 ጀምሮ ደግሞ፣ መጀመሪያ በጋላክሲ ኤስ24 እና በፒክስል 8 ስልኮች፣ ከየትኛውም አፕ ሳትወጡ ስክሪኑ ላይ ያለውን ነገር በጣት እየከበባችሁ መፈለግ ተችሏል። ቲንአይና ያንዴክስ የሚባለው ሌላ መፈለጊያ አፕ አያስፈልጋቸውም። በብሮውዘር ገጻቸውን ከፍቶ ፎቶውን መጫን ይበቃል። ዳታም ብዙ አይበሉም።

አንድ መፈለጊያ ብቻ ሞክራችሁ "የለም" እንዳትሉ ግን። እያንዳንዱ የሰበሰበው መዝገብ የተለያየ ነው፣ ጎበዝ የሆነበትም ነገር የተለያየ ነው። ለሁሉም ክፍት የሆኑ መረጃዎችን በመመርመር የሚታወቀው ቤሊንግካት የሚባል ቡድን በ2019 ባወጣው መመሪያ ከሁሉም ያስቀደመው የሩሲያውን ያንዴክስን ነበር፣ በተለይ ለፊትና ለቦታ። እኔ ሕንፃ ወይም መልክዓ ምድር ሲሆን ወደ ያንዴክስ እሄዳለሁ። የፎቶውን ዕድሜ ስፈልግ ቲንአይ ጋ።

ስለ ቲንአይ አንድ ነገር ማወቅ ያስፈልጋል። ውጤቱን "ከጥንታዊው ጀምር" ብላችሁ መደርደር ትችላላችሁ፤ ግሩም ነገር ነው። የሚያሳያችሁ ቀን ግን ቲንአይ ራሱ ገጹን ያየበት ቀን ነው፣ ፎቶው የወጣበት አይደለም። ፎቶው ከዚያ ቀን ቀደም ብሎ ሊኖር ይችላል። በሌላ በኩል ደግሞ አንዳንድ የዜና ገጾች በ2012 የተጻፈ ዜና ጎን የዛሬ ፎቶ ይለጥፋሉ፤ ያው "ተጨማሪ ያንብቡ" የሚለው ነገር። መፈለጊያው ሁለቱን አደባልቆ የዛሬውን ፎቶ የ2012 ያስመስለዋል። ስለዚህ ሊንኩን ከፍቶ ፎቶውን ገጹ ውስጥ በዓይን ማየት ግዴታ ነው። የፍለጋውን ዝርዝር ብቻ አይቶ "ቆየ" ማለት አይበቃም። ይሄን ስንፍና ራሳቸውን አጣሪ ነን የሚሉ ሰዎችም ሲያደርጉት አያለሁ፣ ያናድደኛል።

"እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል" ይባላል። ፎቶ ግን እያደር ይደበዝዛል። ዋትስአፕና ቴሌግራም ፎቶ ሲልኩ ያሳንሱታል፣ ጥራቱንም ይቀንሳሉ። አንዱ ስክሪንሾት ያነሳዋል፤ የባትሪውና የሰዓቱ መስመር አብሮ ይገባል። ሌላው ቀይ ክብና ቀስት ይሥልበታል። ሌላው ከላዩ ላይ "ሰበር ዜና" ይለጥፍበታል። የቻናል ባለቤት ደግሞ አርማውን መሐል ላይ ያትማል፣ የራሱ ይመስል። እናንተ ጋ ሲደርስ የፎቶው አሻራ ተፋፍቋል። መፈለጊያው ቢደናገር አይገርምም።

ከመፈለጋችሁ በፊት ማጽዳት ነው። የስልኩን የላይኛውና የታችኛውን መስመር፣ ጽሑፉን፣ አርማውን ቁረጡት። መሐሉ ላይ የተጻፈ ከሆነ ጽሑፍ የሌለበትን ግማሽ ብቻ አስቀሩ። አንዳንዴ ሆን ብለው ፎቶውን እንደ መስታወት ያገለብጡታል፤ ግራው ቀኝ ይሆናል። የሱቅ ጽሑፍ ተገልብጦ ካያችሁ፣ ወይም የመኪናው መሪ ባልተለመደ ጎን ከሆነ ጠርጥሩ። በስልካችሁ የፎቶ ማስተካከያ መልሳችሁ ገልብጡና ፈልጉ። ቪዲዮ ከሆነ አቁማችሁ ምስሉ ካልተንቀጠቀጠበት ቦታ ስክሪንሾት ውሰዱ። የቪዲዮው መጀመሪያ ላይ የሚታየውን ምስል አስቀድሙ፤ ብዙ ጊዜ ኢንተርኔት ላይ ቪዲዮውን ወክሎ የተቀመጠው እሱ ነው።

ይሄን ሁሉ አድርጋችሁ ምንም ባይገኝስ? ባዶ ውጤት ስለ ፎቶው የሚናገረው ጥቂት ነው። መፈለጊያዎች የሚያዩት ክፍት የሆነውን ኢንተርኔት ነው። የግል ግሩፕ ውስጥ፣ የተቆለፈ ፕሮፋይል ላይ፣ በአንድ ቀን የሚጠፋ ስቶሪ ላይ ያለውን አያዩም። ዛሬ ጠዋት የተነሳ ፎቶም ገና አልደረሳቸውም። "ፈልጌ አጣሁት፣ ስለዚህ አዲስ ነው" የሚለው ድምዳሜ ለአሳሳቾች ሠርግና ምላሽ ነው።

ከዜና ውጪ ይሄ ፍለጋ ሰው ያዳነበትን አንድ ቦታ ልናገር። አንዲት ጓደኛዬ ከአንድ ሰው ጋር ኦንላይን መጻጻፍ ጀመረች። ባሕር ላይ ነዳጅ ማውጫ ውስጥ የሚሠራ ኢንጂነር ነኝ ይላል። ሚስቱ ሞታለች፣ አንዲት ልጅ አለችው፣ ቪዲዮ ለመደወል ኔትወርክ የለም። ታሪኩ ራሱ ደወል ነው፤ ከዚህ በፊት የሰማው ሰው ያውቀዋል። ፎቶዎቹን አብረን ፈለግን። የመጀመሪያው ምንም አላመጣም። ውሻ አቅፎ የተነሳው ግን ሌላ ስም ባለው፣ ሌላ አገር በሚኖር፣ ሚስቱ በሕይወት ባለች ሰው ገጽ ላይ ተገኘ። ጓደኛዬ ለረጅም ጊዜ ዝም አለች። ከዚያ "ውሻውስ የማን ነው?" አለች። ሳቅን።

እዚህ ላይ ሁለት ነገር። አጭበርባሪዎች አንድ ፎቶ ብቻ አይሰርቁም፣ ስለዚህ ሁሉንም ፈልጉ፤ በተለይ ጀርባው ላይ ብዙ ነገር ያለበትን። ሁለተኛ፣ ያገኛችሁት ባለፎቶ ተበዳይ ነው። ፊቱ ተሰርቆበታል። የገጹን አስተያየት መስጫ በስድብ የሚሞሉ ሰዎች አይቻለሁ፤ ሰውየው ምን በወጣው?

ከዚህ ቀጥሎ የፊት ፍለጋ ይመጣል፣ እዚህ ላይ ጠንከር ያለ አቋም አለኝ። በ2016 ሩሲያ ውስጥ ፋይንድፌስ የሚባል አገልግሎት ተከፍቶ ነበር። የማንንም የማያውቁትን ሰው ፎቶ ሰጥቶ ቪኬ በሚባለው የማኅበራዊ ገጽ ላይ ማን እንደሆነ ማግኘት ይቻል ነበር። ሳይውል ሳያድር ሰዎች በወሲብ ፊልም የሠሩ ሴቶችን ማንነት እያወጡ ለቤተሰቦቻቸው መላክ ጀመሩ። ዛሬም ፊት የሚፈልጉ ድረ ገጾች አሉ፣ በስልክም ይሠራሉ። የራሴን ፎቶ ማን ተጠቅሞበት ይሆን ብዬ መፈለግ አንድ ነገር ነው። ታክሲ ውስጥ ያየኋትን ልጅ ፎቶ አንስቼ ስሟን ማደን ግን ነውር ነው። መሣሪያው ስለፈቀደ ብቻ የተፈቀደ አይሆንም።

የምትጭኑት ፎቶም የሆነ ሰው ኮምፒውተር ላይ እንደሚሄድ አትርሱ። ቲንአይ የምንፈልግባቸውን ምስሎች እንደማያስቀምጥ ይናገራል። ሁሉም እንደዚያ አይደሉም። የመታወቂያ ፎቶ፣ የሕክምና ወረቀት፣ የሰው ራቁት ፎቶ ለመፈለጊያ አይሰጥም።

በሰው ሠራሽ አስተውሎት የተሠሩትስ? በማርች 2023 ፖፕ ፍራንሲስ ነጭ ወፍራም ጃኬት ለብሰው የሚታዩበት ፎቶ ስንቱን አሳሳተ። ሚድጆርኒ በሚባል ምስል ሠሪ ፕሮግራም የተሠራ ነበር። (ዛሬ ጃኬት አለቀቀኝም።) እንዲህ ያለ ምስል ያለፈ ታሪክ የለውም፤ "ከዚህ በፊት የት ነበርክ?" ስትሉት "የትም" ነው መልሱ። ጎግል በዚያው ዓመት ምስሉን መጀመሪያ ያየው መቼ እንደሆነ የሚነግር "ስለዚህ ምስል" የሚል ክፍል ጨምሯል፤ ጠቃሚ ነው፣ ሁልጊዜ ግን መልስ የለውም። እኔ ወደ አውቶቡሱ ነገር እመለሳለሁ። ፖፑ መንገድ ላይ እንደዚያ ለብሰው ቢወጡ መቶ ስልክ ያነሳቸው ነበር። ከሌላ ጎን የተነሳው የት አለ? ትልቅ ነገር ሆኖ አንድ ምስል ብቻ ካለው፣ ያ ብቸኝነቱ ያጠራጥረኛል።

ያጠራጥረኛል አልኩ እንጂ ፈረድኩ አላልኩም። ለዚህ የሻርኩ ታሪክ አለ።

በ2003 ቶማስ ፔስቻክ የሚባል ፎቶግራፈር ደቡብ አፍሪካ ባሕር ላይ አንድ ፎቶ አነሳ። ሰው በትንሽ ታንኳ ይቀዝፋል፤ ከኋላው ትልቅ ነጭ ሻርክ ይከተለዋል። ብዙ ሰው "የተቀናበረ ነው" አለ። እውነተኛ ነበር። በ2011 ደግሞ አንድ ሰው ሻርኩን ከዚያ ፎቶ ቆርጦ በጎርፍ የተሞላ አውራ ጎዳና ላይ ለጠፈውና "ፖርቶ ሪኮ፣ ከአውሎ ነፋሱ በኋላ" ብሎ ለቀቀው። ይሄኛው ውሸት ነበር፣ ግን ታመነ። ከዚያ አውሎ ነፋስ በመጣ ቁጥር ያ ሻርክ በሌላ ከተማ ጎዳና ላይ ይዋኛል። በ2017 ሂውስተን ነበር። ፍለጋው በየጊዜው ያንኑ የ2003 ፎቶ እያወጣ አጋልጦታል። ከጊዜ በኋላ "የጎዳና ሻርክ" ሲባል ማየትም መፈለግም አቆምን፤ ያው የድሮው ነው ብለን።

በሴፕቴምበር 2022 ኢያን የተባለው አውሎ ነፋስ ፍሎሪዳን ሲመታ፣ ፎርት ማየርስ ውስጥ በጎርፍ በተሞላ ግቢ ሻርክ የሚመስል አንድ ክንፋም ነገር ሲዋኝ የሚያሳይ ቪዲዮ ወጣ። አዋቂ ነኝ ያለ ሁሉ ሳቀ። ከቪዲዮው ስክሪንሾት ወስዶ ቢፈለግ ግን የቆየ ገጽ የለም። የአሶሺየትድ ፕሬስ ጋዜጠኞች በባዶው ውጤት አልፈረዱም፣ በሳቁም አልፈረዱም። ቪዲዮውን ያነሳውን ሰው አግኝተው ዋናውን ፋይል አዩት። ፋይሉ ውስጥ ያለው የጊዜ መረጃ ቪዲዮው በዚያው ረቡዕ ጠዋት መቀረጹን አሳየ። እንስሳው ሻርክ ነው ወይስ ሌላ ትልቅ ዓሣ በሚለው ላይ ባለሙያዎች ወዲያው አልተስማሙም። ቪዲዮው ግን እውነተኛ ነበር።

ፋይሉ ውስጥ የሚቀመጠውን እንዲህ ያለ መረጃ ዋትስአፕና ቴሌግራም ፎቶን እንደ ፎቶ ሲልኩ ያጠፉታል። ስለዚህ አንድ ሰው "እኔ ራሴ ነኝ ያነሳሁት" ካለኝ ፍለጋ ውስጥ አልገባም። "በፋይል ላክልኝ" እለዋለሁ። ቴሌግራም ላይ ፎቶውን ከመላካችሁ በፊት "እንደ ፋይል" የሚለውን ምርጫ ካገኛችሁ ሳይነካካ ይሄዳል። የተነሳበት ሰዓት፣ ስልኩ ምን ዓይነት እንደሆነ፣ አንዳንዴም የተነሳበት ቦታ አብሮ ይመጣል። ቦታው የሰው ቤት ሊሆን ይችላል። ስለዚህ ቤት ውስጥ የተነሳ ከሆነ ቦታውን አጥፍተው እንዲልኩልኝ እነግራቸዋለሁ፤ አይፎን ላይ ሼር ሲደረግ ከላይ ያለውን አማራጭ ነክቶ ቦታውን ማጥፋት ነው፤ ሰዓቱ ለእኔ ይበቃኛል።